አስር ሰዓት ላይ የሚመጣው አምሮት

አርባን ካለፍን በኋላ የጣፋጭ አምሮት የሚብስብን ሴቶች አለን። 47 ዓመቴ ነው፤ ቁጭ ብዬ የምውል የሂሳብ ሠራተኛ ነኝ። ቢሮ ውስጥ ከሰዓት አስር ሰዓት ሲሆን ቦምቦሊኖ የሚል ድምፅ ከየጠረጴዛው ይሰማል። እኔን የረዳኝ አምሮቱን መታገል ሳይሆን ከእሱ በፊት ያሉትን ሰዓታት ማስተካከል ነው።

ከእንቅልፍ ልጀምር። የወር አበባ ሊቋረጥ ሲቃረብ ኢስትሮጅን የሚባለው የሴት ሆርሞን ከፍ ዝቅ ይላል። ሌሊት ድንገት ያተኩሳል፤ ብርድ ልብሱን ገፍተን ትንሽ ቆይተን መልሰን እንጎትታለን። እንቅልፍ ሲጎድል ረሃብ የሚቀሰቅሰው ሆርሞን ግሬሊን ሊጨምር፣ ጥጋብን የሚናገረው ሌፕቲን ሊቀንስ ይችላል። በማግስቱ ጎመን የሚያምረው ማን ነው? ስለዚህ የማታ ቡና ይቅርባችሁ። ቡናው ውስጥ ያለው አነቃቂ ካፌይን ግማሹ ከሰውነት እስኪወጣ አምስት ሰዓት ያህል ይፈጃል። የእኔ የመጨረሻ ስኒ ከምሳ በኋላ ያለው ነው።

ምሳ ላይ ፓስታ በዳቦ የበላ ሰው አስር ሰዓት ላይ ቢርበው አይገርምም። እንጀራውን ቀነስ፣ ወጡን ጨመር አድርጉ። በምሳ ዕቃዬ ግማሹ ድፍን ምስርና ጎመን ነው፤ በፍስክ ቀን እንቁላል ይጨመርበታል። የምትፆሙ ከሆነ ዘጠኝ ሰዓት ላይ በባዶ ሆድ ሻይና ብስኩት አትጀምሩ። መጀመሪያ ሽሮ ወይም የሽምብራ አሹቅ ቅመሱ፣ ሻዩ ይደርሳል።

አሁን ወደ ስኳሩ። አቦል፣ ቶና፣ በረካ፤ በየስኒው ሁለት የሻይ ማንኪያ ብንጨምር ስድስት ማንኪያ፣ ወደ 25 ግራም ይሆናል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2015 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ የተጨመረ ስኳር በቀን ከዚህ ባይበልጥ ይመረጣል ይላል። አንድ ጊዜ ለቡና መቀመጣችን የቀኑን ድርሻ ጨረሰው ማለት ነው። በአንዴ አትተዉት። በየሳምንቱ ግማሽ ማንኪያ ቀንሱ፣ ምላስ ይለምዳል። ለምታፈላው ጎረቤት «ስኳሩን እኔው ልጨምር» በሏት፤ ለእንግዳ አብዝቶ መጨመር ፍቅር መስሎ ስለሚታየን ካልነገራችኋት አትቀንስም።

ይህ ሁሉ ሆኖ አምሮቱ ቢመጣስ? ውኃ ጠጡ፣ ከወንበር ተነሱ፣ ሩብ ሰዓት ያህል ቆዩ። ብዙ ጊዜ ያልፋል። ካላለፈ ብሉት። እኔ ቦምቦሊኖውን ለሁለት አስቆርጬ ከሥራ ባልደረባዬ ጋር እካፈላለሁ፤ ስልኬን አስቀምጬ፣ ሰሃን ላይ አድርጌ እበላለሁ። ፈጽሞ የተከለከለ ነገር ማታ ማድ ቤት ድረስ ይከተላል።

አንድ ነገር ግን በትዕግሥት አይታለፍም። የወር አበባ ሊቋረጥ አካባቢ ደም በብዛት የሚፈሳቸው ሴቶች አሉ። ከደሙ ጋር የሰውነት ብረት ሲያንስ አፈር፣ በረዶ ወይም ጥሬ ሩዝ ሊያምር ይችላል። ብዙዎች አፍረው ይደብቁታል። እህቶቼ፣ ይህ የሚያሳፍር ነገር አይደለም። ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ አምሮቱን ሳትደብቁ ተናገሩ፣ የደም ማነስና የብረት ምርመራ ይታዘዝላችሁ። ከአምሮቱ ጋር ጥማት ከበረታና ሽንት ከተመላለሰባችሁ የስኳር ምርመራውንም በዚያው ጠይቁ።