የራስን አድልዎ በደብተር መከታተል

ስለ አንድ ሰው ወይም ጉዳይ የያዝነው አቋም በአንድ ሌሊት የሚገለበጥበት ጊዜ ጥቂት ነው። ሐሳብ አብዛኛውን ጊዜ የሚለወጠው እንደ ጥላ ነው፤ ሲንቀሳቀስ አይታይም፣ ቆየት ብለው ሲመለከቱት ግን ቦታውን ለቋል። አስቸጋሪው ነገር ለውጡን ሊመሰክርልን የሚገባው ትውስታችን አብሮ መለወጡ ነው፤ የዛሬውን አቋም ወደ ኋላ እንወስድና «ድሮም እንዲሁ ነበር የማስበው» እንላለን። አሜሪካዊው የፖለቲካ ሳይንስ ተመራማሪ ግሪጎሪ ማርከስ እ.ኤ.አ. በ1986 ባሳተመው ጥናት፣ በ1973 በፖለቲካ ጉዳዮች ላይ አቋማቸውን የተናገሩ ሰዎች በ1982 «ያን ጊዜ ምን ብላችሁ ነበር?» ተብለው ሲጠየቁ፣ መልሳቸው በአመዛኙ ቀድሞ ከተናገሩት ይልቅ በተጠየቁበት ሰዓት ለያዙት አቋም የቀረበ ሆኖ ተገኝቷል። ስለዚህ የራሱን አድልዎ ለማየት የሚፈልግ ሰው በትውስታው ከመተማመን ይልቅ ሐሳቡን በጊዜው መጻፍ ይኖርበታል።

ለዚህ አንድ ተራ ደብተር ይበቃል። በስልክ የሚጽፉ አሉ፤ እኔ ግን አልመክረውም፤ በስልክ የተጻፈ ነገር ተስተካክሎ ገና ከመጀመሪያው እንደዚያ የነበረ ይመስላል፣ በወረቀት ላይ ግን ስርዙ ይቀራል። አቋምዎን በግራው ገጽ ያስፍሩ፤ ቀኙን ለጊዜው ባዶ ይተዉት። በግራው ገጽ ቀኑን፣ አቋሙን በአንድ ዓረፍተ ነገር፣ እርግጠኝነትዎ ከ10 ስንት እንደሆነ፣ ሐሳቡን ከየት እንዳገኙትና ምን ቢያዩ እንደሚለውጡት ይጻፉ። ዓረፍተ ነገሩ ስህተት ሆኖ ቢገኝ ስህተትነቱ የሚታወቅ ዓይነት መሆን አለበት። «እገሌ አያስተማምንም» የሚለው ለዘላለም ትክክል ሆኖ ሊኖር ይችላል፤ «በሚቀጥሉት ሦስት ወራት ቢያንስ ሁለት ጊዜ ሥራውን ከቀነ ገደቡ ያሳልፋል» የሚለው ግን ራሱን ለፍርድ ያቀርባል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ አዲስ ባልደረባ ወደምሠራበት ክፍል በመጣ በሁለተኛው ቀን በደብተሬ ላይ እንዲህ ብዬ ነበር፦ «የጀመረውን ሥራ አይጨርስም፤ 9 ከ10፤ ምክንያት፦ ለመጀመሪያው ስብሰባ አረፈደ፣ ሲናገርም ይቸኩላል።» ከአምስት ወር በኋላ ከበድ ያለ ሥራ ሲመጣ ሁሉም ወደ እርሱ ይላክ ጀመር፤ እኔም ለአንድ ወዳጄ «ይህ ልጅ ጎበዝ መሆኑን ገና ሲመጣ ነው ያወቅኩት» ብዬ በልበ ሙሉነት ተናገርኩ። ያን ዕለት ማታ ሌላ ነገር ስፈልግ ያ ገጽ ተገለጠ። ያሳፈረኝ መሳሳቴ ብቻ አልነበረም፤ ሐሳቤ መቼና በምን እንደዞረ ምንም ምልክት አለማግኘቴ ነበር፤ በመካከል አንድ ቃል እንኳ አልጻፍኩም። ከዚያ ወዲህ በየወሩ የመጨረሻ ቀን ቀደም ያሉትን ገጾች አነባለሁ፤ የእርግጠኝነቴ ቁጥር ከተለወጠ የድሮውን ሳላጠፋ በአንድ መስመር ሰርዤ አዲሱን ከነቀኑ አጠገቡ እጽፋለሁ።

የቀኙ ገጽ አቋምዎን ለሚቃወም ነገር ብቻ የተተወ ነው። ቻርልስ ዳርዊን በግለ ታሪኩ እንደሚነግረን፣ ከደረሰበት ድምዳሜ ጋር የሚጋጭ ነገር ባነበበ ወይም ባሰበ ቁጥር ወዲያውኑ ይጽፈው ነበር፤ እንዲህ ያለው ነገር ከሚስማማው ይልቅ ቶሎ ከአእምሮ እንደሚጠፋ ከልምድ አውቋልና። «ወዲያውኑ» የምትለዋን ቃል አትለፏት፤ እስከ ማታ የቆየ ተቃራኒ ማስረጃ ማታ ሲጻፍ ማስተባበያውን ይዞ ይመጣል።

የሚቃወመውን ነገር ደግሞ መፈለግ ያስፈልጋል። ሥነ ልቦና ተመራማሪው ፒተር ዌሰን እ.ኤ.አ. በ1960 ባሳተመው ሙከራ ለተሳታፊዎች 2፣ 4፣ 6 የሚሉትን ቁጥሮች ሰጥቶ፣ የራሳቸውን ሦስት ሦስት ቁጥሮች እያቀረቡ የተደበቀውን ሕግ እንዲያገኙ ጠየቃቸው። ብዙዎቹ «በሁለት የሚጨምር ነው» ብለው ገመቱና 8፣ 10፣ 12ን የመሰሉ ግምታቸውን የሚያጸኑ ቁጥሮች አቀረቡ፤ መልሱም በየጊዜው «ይስማማል» ሆነ። ሕጉ ግን እየጨመረ የሚሄድ ማንኛውም ቁጥር የሚል ነበር፤ 1፣ 2፣ 50 ብሎ የጠየቀ ሰው ግምቱ ጠባብ መሆኑን ወዲያው ይረዳ ነበር። እኔም ስለ ባልደረባዬ የጠየቅኩት «ዛሬስ አረፈደ?» እያልኩ ነበር፤ «በጊዜው ያስረከበው ሥራ አለ?» ብዬ ብጠይቅ ኖሮ በሁለተኛው ሳምንት መልሱን አገኘው ነበር።

«አድልዎ አይኑርብኝ» ብሎ ለራስ መንገር ብዙም እንደማይረዳ የሥነ ልቦና ተመራማሪው ቻርልስ ሎርድና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1984 አሳይተዋል። ተሳታፊዎቹን የረዳቸው ስለሚመዝኑት ጥናት የቀረበ ሌላ ጥያቄ ነበር፦ ይኸው ጥናት፣ አሠራሩ ሳይለወጥ፣ ውጤቱ ብቻ በተቃራኒው ቢወጣ ኖሮ እንዲሁ እንመዝነው ነበር? ደስ ያሰኘዎትን ማስረጃ ወደ ደብተሩ ከማስገባትዎ በፊት ይህን ይጠይቁ፤ ያስቆጣዎትንም እንዲሁ።

ሐሳቡን ከየት እንዳገኙት ሲጽፉ ስንት ጊዜ እንደሰሙትና ከስንት የተለያዩ ምንጮች እንደሰሙት ለይተው ያስፍሩ። እ.ኤ.አ. በ1977 የታተመ አንድ ጥናት የተደጋገመ ዓረፍተ ነገር፣ እውነትም ሆነ ሐሰት፣ አንድ ጊዜ ብቻ ከተሰማው ይበልጥ እውነት መስሎ እንደሚታይ አሳይቷል። በዚሁ ምክንያት የእርግጠኝነትዎን ቁጥር በለወጡ ጊዜ ሁሉ ያስለወጠዎትን በአንድ ቃል ያመልክቱ፦ ማስረጃ፣ ድግግሞሽ ወይም ይሉኝታ። የመጨረሻዋን መጻፍ ይከብዳል፤ በእኔ ደብተር ከምጠብቀው በላይ ብዙ ቦታ ይዛለች።

ወራት አልፈውም ቁጥሩ 10 ላይ የቆመና የቀኝ ገጹ ነጭ የሆነ አቋም ካለዎት፣ ተቃራኒውን የሚያምን አንድ ሰው ፈልገው ምክንያቱን ይጠይቁት፤ አይከራከሩት። የነገረዎትን በቀኙ ገጽ ላይ ይጻፉና ያንብቡለት፤ «አይ፣ እንዲህ አላልኩም» ካለ ያርሙት፣ «አዎ፣ ያልኩት ይህንኑ ነው» እስኪል ድረስ። ቁጥሩን በዚያው ዕለት አይንኩት፤ የወሩ የመጨረሻ ቀን ሲደርስ ሁለቱን ገጾች ጎን ለጎን አንብበው ያን ጊዜ ይወስኑ።