ድምፁ የታፈነ ካሴት፦ ችግሩና መፍትሄው

ጎንደር ላይ "ወደ ፍላሽ ገልብጡልን" ተብለው የሚመጡት ካሴቶች ብዙዎቹ የዘፈን አይደሉም። የሠርግ ናቸው፣ ወይም ከጅዳና ከእስራኤል የተላኩ የድምፅ ደብዳቤዎች። ሌላ ቅጂ የላቸውም። ስለዚህ ቴፕ ውስጥ ከመክተታችሁ በፊት ከጀርባው ያሉትን ሁለት ጥርሶች ስበሩ። እጃችሁ ሪከርድ ቢነካ እንኳ አይቀዳበትም።

ሄዱን፣ ማለትም ቴፑ ውስጥ ክሩን እየነካ ድምፁን የሚያነበውን ክፍል፣ በአልኮል አጽድታችኋል ብዬ ልቀጥል።

ድምፁ ታፍኗል? ወይ እየመጣ ይጠፋል? መጀመሪያ ስፖንጇን እዩ። በካሴቱ ክፍት ጎን መሃል ላይ፣ ከክሩ ጀርባ፣ የስንዴ ፍሬ የምታክል ስፖንጅ በቀጭን ብረት ላይ ተለጥፋ መታየት አለባት። ሥራዋ ክሩን ሄዱ ላይ መጫን ነው። ሙጫዋ በዕድሜ ይደርቅና ትወድቃለች። ክሩ ከሄዱ ትንሽ ሲርቅ ቀድሞ የሚጠፋው ቀጭኑ ድምፅ ነው። "ስ" እና "ሽ" አይለዩም፣ ማሲንቆው ይደበዝዛል።

አንድ እናት ከልጃቸው የተላከ ካሴት ይዘው መጡ። ሌላ ቦታ "ክሩ ሞቷል" ተብለው ተመልሰዋል። ሲከፈት ስፖንጇ ጥግ ላይ ተወሽቃለች። ተለጥፋ ሲጫወት ልጁ ጎረቤቱን ሁሉ በስም እየጠራ ሰላም ሲል ጥርት ብሎ ተሰማ። እባካችሁ፣ ሳትከፍቱ ሞቷል አትበሉ።

አሠራሩ ይሄ ነው። ካሴቱን ጠረጴዛ ላይ አስተኙ፣ ብሎኖቹን በትንሽ ካቻቢቴ ፍቱ፣ የላይኛውን ክዳን ቀጥ አድርጋችሁ አንሱ። ክሩ የሚዞርባቸውን ጥቅሎች አትነቅንቁ። የድሮውን ብረት በወረንጦ አውጡ። ከማይፈለግ ካሴት ላይ ስፖንጇን ከነብረቷ ወስዳችሁ ተኩ። ስፖንጅ ብቻ ከሆነ ያላችሁ፣ ብረቱን ከካሴቱ አውጥታችሁ እሱ ላይ ለጥፉና አሳድሩት።

ሱፐር ግሉ በጭራሽ! ስፖንጇ ውስጥ ይሰርግና ይደነድናል፣ ከዚያ ክሩን ይፍቃል። እንዲህ የተበላሸ የሠርግ ካሴት አይቻለሁ። እልልታው ያለበት ቦታ ክሩ ግልጥ ፕላስቲክ ሆኗል። ቡናማው ሽፋን ከተፋቀ ድምፁ አብሮ ሄዷል፣ የሚመልሰው የለም።

ብሎን የሌላቸው፣ ዙሪያቸው የተጣበቀ ርካሽ ካሴቶች ያበሳጫሉ። ሠሪው እንዲጠገኑ አላሰበም። መጋጠሚያውን በምላጭ ቀስ ብላችሁ ክፈቱና ሁለቱንም ጥቅል ብሎን ወዳለው ቀፎ አዛውሩ።

ስፖንጇ ደህና ሆና ከታፈነ፣ የተቀዳበት ቴፕ ሄድ ዘሞ ሊሆን ይችላል። በምታጫውቱበት ቴፕ ላይ ከሄዱ አጠገብ ያለችውን ብሎን በጣም በትንሹ አዙሩ፤ ቀጭኑ ድምፅ ጎልቶ ሲወጣ አቁሙ። ሲያልቅ ወደ ቦታዋ መልሷት።

ድምፁ ከተጎተተ የቴፑ ቺንጋ ላልቶ ሊሆን ይችላል፣ ቀይሩት።

ክሩ ከተበጠሰ በካሴት መቀጠያ ብቻ፣ ሄዱን በማይነካው ጎን ለጥፉ። የቢሮ ስኮች ሙጫው ይወጣል።

በመስኮቱ ነጭ ብናኝ ከታየ ሻጋታ ነው። የክረምቱ እርጥበት ያመጣዋል። እንዳታጫውቱት! ቴፑን ይበክልና ለሚቀጥለው ደንበኛ ካሴት ያስተላልፋል። ደረቅ ቦታ አቆዩት፣ ስትጠርጉም አፍንጫችሁን ሸፍኑ።

ባለ 120 ደቂቃው ክሩ ከባለ 60ው በግማሽ ይቀጥናል። በማሽን በፍጥነት አታጠንጥኑት፣ በእስክሪብቶ ይሁን።

ስትቀዱ በዋቭ (ድምፁን ሳይጨምቅ በሚይዘው የፋይል ዓይነት) ያዙት። ለስልክ የሚሆነውን ኤምፒ3 ከዚያ ታወጣላችሁ። ፋይሉን እስከ መጨረሻ ሳትሰሙ ካሴቱን ለባለቤቱ አትመልሱ፤ ሁለተኛው ገጽ መሃል ላይ ተቋርጦ የሚገኝበት ጊዜ ብዙ ነው።