ፊደል ቆጥሮ ማንበብ ያልቻለ ልጅ፦ በንባብ ትምህርት ሊወገዱ የሚገቡ ስህተቶች

እ.ኤ.አ. በ2010 በኢትዮጵያ የታችኛው ክፍል ተማሪዎች የማንበብ ችሎታ ተለክቶ ነበር። ውጤቱ ያስደነግጣል። ከ2ኛ ክፍል ተማሪዎች 34 በመቶው ከቀረበላቸው አጭር ታሪክ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም። እነዚህ ልጆች ከትምህርት ቤት የራቁ አልነበሩም። ደብተር ይዘው ሁለተኛ ዓመታቸውን የሚመላለሱ ናቸው። ጎጃም ውስጥ አንደኛ ክፍል ለሚያስተምር፣ ወይም ደብረ ማርቆስ፣ ፍኖተ ሰላምና እንጅባራ ባሉት የመምህራን ኮሌጆች ለሚሠለጥን ሰው ይህ የሩቅ ወሬ አይደለም። ጥፋቱም የልጆቹ አይመስለኝም። እኛ መምህራንና አሠልጣኞች እየደጋገምን የምንሠራቸው ስህተቶች አሉ።

ዜማውን ንባብ ነው ብሎ ማመን

ከሁሉም የከፋው ይህ ስለሆነ ሰፋ አድርጌ ላውራው። መምህሩ በዘንግ እየጠቆመ «ሀ፣ ሁ፣ ሂ፣ ሃ» ይላል። ክፍሉ ተከትሎ ይጮኻል። ከደጅ ሆኖ ለሚሰማ ሰው ትምህርቱ የሰመረ ይመስላል። አንዱን ልጅ ለብቻው ጠርታችሁ «ሞ የትኛዋ ናት?» ስትሉት ግን ከ«መ» ተነሥቶ በሹክሹክታ እየቆጠረ እስኪደርስባት ትጠብቃላችሁ። ልጁ የያዘው ተራውን እንጂ ፊደሉን አይደለም።

የጎጃም የኔታዎች ይህን ችግር ከጥንት ጀምሮ ያውቁታል። የቄስ ትምህርት ቤት ልጅ ሀሁን ሲጨርስ አቡጊዳ ይሰጠዋል። አ፣ ቡ፣ ጊ፣ ዳ እያለ ይሄዳል። ተራው ስለተዘበራረቀ በቃል የያዘው ዜማ አያድነውም፤ ዐይኑ የግድ ፊደሉን መለየት አለበት። በዚያ ላይ የኔታ ልጁን ለብቻው አስቀርበው ያስቆጥሩታል። ዘመናዊው ትምህርት ቤታችን የጋራ ጩኸቱን ወስዶ ይህን ማጣሪያ ትቶታል። በጣም የሚያሳዝነኝ እሱ ነው።

ሌላም ነገር አለ። 33ቱ ዋና ፊደላት በሰባቱ ቤት ሲረቡ 231 ይሆናሉ፤ እንደ ሏ ያሉት ዲቃሎች ሳይቆጠሩ ማለት ነው። ይህ ሁሉ እስኪያልቅ ልጁ ቃል ሳያነብ መክረም የለበትም። ለ፣ መ፣ ሠ እና ረን ከነቤታቸው የተማረ ልጅ ላም፣ ሣር፣ ማር ማለት ይችላል። በዚያው ሳምንት ያንብባቸው። የካርቶን ቁራጭ ላይ ጽፎ እያደባለቁ ማሳየት ገንዘብ አይጠይቅም።

ለእንግሊዝኛ የተጠናውን እንዳለ መገልበጥ

እ.ኤ.አ. በ2000 አሜሪካ ውስጥ የወጣው የብሔራዊ የንባብ ፓነል ሪፖርት አምስት ምሰሶዎችን አስቀምጧል፦ የድምፅ ግንዛቤ፣ የፊደልና የድምፅ ትስስር፣ ቅልጥፍና፣ የቃላት ሀብትና አንብቦ መረዳት። ለእኛም ይሠራሉ፤ ጠቃሚ ናቸው። ፍጥነቱ ግን አንድ አይደለም። ሶናሊ ናግ የተባለች ተመራማሪ ካንናዳ በሚባለው የህንድ ቋንቋ የሚማሩ ልጆችን አጥንታለች። የካንናዳ ፊደል እንደኛው ብዙ ምልክት አለው። ልጆቹ ምልክቶቹን ጠንቅቀው ለመያዝ ከመጀመሪያዎቹ ክፍሎች አልፈው ተጨማሪ ዓመታት ይወስድባቸዋል። ስለዚህ «በአንድ ሴሚስተር ፊደል ጨርሱ» የሚል ዕቅድ ልጁንም መምህሩንም ያደናግራል።

ሳድስም፣ ማለትም ስድስተኛው ቤት፣ አለ። «ትምህርት» የሚለውን ቃል እዩት፤ አምስቱም ፊደላት ሳድስ ናቸው። ጀማሪ ልጅ እያንዳንዱን ለየብቻ ድምፅ ሰጥቶ ያነባቸውና መጨረሻ ላይ ምን እንዳለ ራሱም አያውቅም። መምህሩ አንዴ ቀስ ብሎ፣ ቀጥሎ ፈጠን እያለ፣ የትኛው እንደሚዋጥና የትኛው ጎልቶ እንደሚወጣ አብሮት ማለት አለበት። መጥበቅና መላላትም በጽሑፍ ስለማይታይ ልጁ «ገና»ን በትክክል የሚያነበው ዐረፍተ ነገሩ ሲገባው ነው። እነዚህን ነገሮች እጩ መምህሩ ኮሌጅ እያለ በአፉ ሊለማመዳቸው ይገባል። ስለ ሥነ ትምህርት ንድፈ ሐሳብ መፈተን ብቻውን እዚህ አያደርስም።

ትርጉሙን ለበኋላ ማሳደር

ጎፍ እና ተንመር የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1986 ያቀረቡት ሐሳብ ቀላል ነው። አንብቦ መረዳት ፊደልን የመፍታት ችሎታና ቋንቋን የመረዳት ችሎታ ብዜት ነው። አንዱ ዜሮ ከሆነ ውጤቱ ዜሮ ነው። ስለዚህ ልጁ ገና ፊደል እየለየ ሳለ ተረት ይነገረው፤ «ለምን እንዲህ አደረገ? ቀጥሎስ ምን ይመጣል?» ተብሎ ይጠየቅ። የገጠር ልጅ ተረትና እንቆቅልሽ ሰምቶ ነው ያደገው፤ ይህን ሀብቱን ክፍል ውስጥ ዝም ማሰኘት ግፍ ነው።

በአዊ ዞን ደግሞ አዊኛ ተናጋሪ ልጆች በቋንቋቸው ይማራሉ። ኋላ አማርኛ ሲመጣ ድምፁን አሳምረው እያነበቡ ትርጉሙ ላይገባቸው ይችላል። አነበበ ብሎ ማለፍ አይገባም።

ጎበዙን መምህር ወደ ላይ መላክ

ርእሰ መምህራን ይህን ያውቁታል። የ6ኛና የ8ኛ ክፍል ፈተና ስላለ ጠንካራው መምህር ወደዚያ ይመደባል። አንደኛ ክፍል ለአዲስ ምሩቅ ይተዋል። መገልበጥ አለበት።

«ሥልጠና ሰጥተናል» ብሎ ፋይሉን መዝጋት

መምህራን ወደ ዞን ከተማ ይጠራሉ። ጥቂት ቀን ይቀመጣሉ፤ ሞጁል ይዘው፣ አበል ተቀብለው ይመለሳሉ። ሰኞ ክፍሉ እንደ ቀድሞው ነው። ክራፍት፣ ብላዛርና ሆጋን የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2018 ስልሳ ጥናቶችን አሰባስበው ያሳዩት ሌላ መንገድ ነው። መምህሩን ክፍል ድረስ ሄዶ፣ አይቶ፣ አብሮ ተነጋግሮ መደገፍ የማስተማር ጥራትንም የተማሪ ውጤትንም ያሻሽላል። ማስጠንቀቂያም አላቸው፤ ፕሮግራሙ ሲሰፋ ውጤቱ ይቀንሳል። ኬንያ እ.ኤ.አ. በ2015 የጀመረችው ቱሶሜ የተባለ የንባብ ፕሮግራምም መጻሕፍትን፣ የመምህር መመሪያንና የክፍል ውስጥ ድጋፍን አንድ ላይ ያጣመረ ነው።

እኛ ጋ ለዚህ የሚሆን ሰው አለ። የጉድኝት ማዕከል ሱፐርቫይዘር ይባላል፤ በአንድ አካባቢ የተጎዳኙ ትምህርት ቤቶችን የሚከታተል ነው። ችግሩ፣ ሰውየው ሲመጣ የሚያየው ዕቅድ፣ የተሙማ (ተከታታይ ሙያዊ ማሻሻያ) ፎልደርና የስም መጥሪያ መሆኑ ነው። በእኔ እምነት ከወረቀቱ ይልቅ አንድ ክፍለ ጊዜ ተቀምጦ ስንት ልጅ ለብቻው እንዳነበበ ቢቆጥር ይበልጣል። ያየውንም ለመምህሩ በወቀሳ ሳይሆን በምክር ይንገረው። ኮሌጆችም ፕራክቲከም (የማስተማር ልምምድ) ላይ ለእያንዳንዱ እጩ ማንበብ ያቃታቸው ሁለት ልጆች ቢሰጡትና እስከ መጨረሻው ቢከታተላቸው ጥሩ ነው። እጩው ከዚያ የሚማረውን ሞጁል አይሰጠውም።

በዕድሜ ብቻ መመደብ

ባለፉት ዓመታት በጸጥታው ምክንያት ብዙ የአማራ ክልል ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ከርመዋል። ጎጃም ክፉኛ ከተጎዱት ነው። ሲከፈት የሚመጡት ልጆች ቁመታቸው የአምስተኛ ክፍል፣ ንባባቸው የአንደኛ ነው። ካቆሙበት የክፍል ደረጃ ጀምሮ መጽሐፉን መግፋት ከባድ ጥፋት ይሆናል። ፕራታም የተባለው የህንድ ድርጅት ያዳበረው ዘዴ እዚህ ይጠቅመናል። ልጆች በዕድሜ ሳይሆን በንባብ ደረጃቸው ተቧድነው በቀን የተወሰነ ሰዓት ይማራሉ።

ለመለየት አንድ ገጽ ይበቃል፦ ጥቂት የተደበላለቁ ፊደላት፣ ጥቂት ቃላት፣ አንድ አጭር አንቀጽና አንድ ታሪክ። ልጁ ሌሎች በማይሰሙበት ቦታ ያንብብ። የቆመበት ላይ ይቧደን፤ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ እንደገና ይፈተሽ፤ ከፍ ካለ ይዛወር። የሚሰጠው ጽሑፍ ቃሉ አጭር ይሁን እንጂ ነገሩ ለዕድሜው የሚመጥን ይሁን። የአሥራ አንድ ዓመት እረኛ ስለ ማር ቆረጣ፣ ስለ ገበያ፣ ስለ ዐባይ ሙላት ማንበብ ይወዳል።