የአባቴ ምንሽር ለምን ይስት ነበር?

ኮምቦልቻ ዳር ማሳ አለን። አባቴ ዝንጀሮ የሚያባርርበት፣ ፈቃድ ያለው አሮጌ ምንሽር መሳት ጀመረ። ጣሳ ላይ ሞከርነው፤ አንዱ ቀኝ፣ አንዱ ግራ።

አጎቴ «ጥይቱ ጉልበት አንሶታል፣ ባሩድ ይጨመርበት» አሉ። «ኧረ አጎቴ፣ ይሄ ያረጀ ብረት ፊታችን ላይ ቢፈነዳስ?» ብዬ እምቢ አልኩ።

ባዶ መሆኑን አይቼ መቀርቀሪያውን አወጣሁ። በርሜሉን ወደ መስኮት አዙሬ ባይ ውስጡ ቀይ ዝገት ነው። የድሮ ጥይት ማቀጣጠያ ሲተኮስ ጨው ይተዋል። ጨው እርጥበት ይስባል፣ ከዚያ ዝገት። ዘይት ደግሞ ጨው አያሟሟም። አባቴ ለዓመታት ዘይት ብቻ ነበር የሚቀባው!

እናቴ ለቡና የጣደችውን ማንቆርቆሪያ ነጥቄ (ተቆጥታኛለች) የፈላ ውሃ ከኋላ በኩል አፈሰስኩበት። ከአፈሙዙ ዝገት የመሰለ ቡናማ ውሃ ወረደ። ብረቱ ስለጋለ ቶሎ ደረቀ። ጨርቁ ነጭ ሆኖ እስኪወጣ ወለወልኩት፣ ከዚያ በስሱ ዘይት።

ግን ሌላም ጉድ ነበር። በርሜሉን ከእንጨቱ ጋር የሚይዙት ብሎኖች ላልተው ነበር። በልኩ ካቻቢቴ አጠበቅኳቸው።

በማግስቱ ሦስቱም ጥይት ጣሳው ላይ አረፈ። አጎቴ አሁንም «ባሩድ ቢጨመር ይሻል ነበር» ይላሉ።