ድሬ ውስጥ በመንግስት ትምህርት ቤት ለሚማር ቀለሜ ልጅ ምን እናድርግለት?

ታናሽ ወንድሜ ሳቢያን አካባቢ የመንግስት ትምህርት ቤት ነው ሚማረው። ሰባተኛ ክፍል እያለ ሒሳብ ላይ ሌላው ልጅ ሁለተኛውን ጥያቄ ሳይጀምር እሱ ሁሉንም ጨርሶ ደብተሩ ጀርባ ላይ ባጃጅ ይስላል፣ ከዛ አጠገቡ ያለውን ማውራት ይጀምራል፣ በመጨረሻ አንዱ አስተማሪ ረባሽ ነው ብሎ ወላጅ አምጣ አለው። እናታችን ስራ ላይ ስለነበረች እኔ ሄድኩ። ደብተሩን ሳገላብጥ ግን ልጁ ሚሰራው ነገር አጥቶ ነበር በቃ። ከዛ ወዲህ የሞከርኩትንና የሰራልንን ነው ምነግራችሁ።

መጀመሪያ ደረጃውን እርሱት። አንደኛ ወጣ ማለት ከክፍሉ ልጆች በለጠ ማለት ነው እንጂ ትምህርቱን ጨረሰው ማለት አደለም፣ በ2014 የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 ከመቶ እና በላይ ያመጣው 3.3 በመቶ ብቻ ነበር፣ ከቀሩት ውስጥ እኮ ካርዳቸው ላይ አንደኛ ሁለተኛ ሚል የተፃፈላቸው ብዙ ነበሩ። ስለዚ በውጪ መለኪያ ፈትኑት። ካን አካዳሚ ሚባል የኢንተርኔት መማሪያ አለ፣ በነፃ ነው፣ እያንዳንዱ ኮርስ ላይ ኮርስ ቻሌንጅ ሚባል 30 ጥያቄ ያለው ፈተና አለ፣ ልጁ ካለበት ክፍል አንድ ዝቅ አድርጋችሁ ጀምሩ። ወንድሜ ኢኩዌሽኑን እንደ ውሃ ጠጣው፣ ክፍልፋይ ያለበት የቃላት ጥያቄ ላይ ግን ተደናቀፈ። ፈጣን ልጅ ክፍተቱን በፍጥነቱ ይሸፍናል፣ አስተማሪም ወላጅም አያየውም፣ ሳይደፈን ወደላይ ከሄደ ኋላ ዋጋ ያስከፍለዋል።

ለዚህም ነው ደብል ይምታ ሲሏችሁ እንዳትቸኩሉ ምለው። አጎቴ ሳይቀር አንድ ክፍል ይዝለል እያለ ጨቅጭቆናል። እኔ ግን እዛው ምዕራፍ ላይ ወደ ጥልቁ ማስገባት ይሻላል ባይ ነኝ። ለምሳሌ የቁጥሩ ዲጂቶች ሲደመሩ ለ3 ከተካፈሉ ቁጥሩም ለ3 ይካፈላል ሚለውን ህግ ሁሉም ልጅ ያውቀዋል፣ ለምን? ብላችሁ ጠይቁት። ወንድሜ ሁለት ቀን ሙሉ ሲያስብበት ቆይቶ ማታ እራት ላይ ድንገት ተነስቶ «10 ማለት እኮ 9 እና 1 ነው፣ 100 ደግሞ 99 እና 1 ነው፣ 9ኙና 99ኙ ለ3 ስለሚካፈሉ ሚቀረው ዲጂቶቹ ብቻ ናቸው!» አለ። እናቴ «አቦ ብላ መጀመሪያ» አለችው፣ እኔ ግን እንባዬ መጣ። እንደዚህ አይነት አንድ ጥያቄ ተመሳሳይ ሀያ ጥያቄ ከማሰራት ይበልጣል።

አስተማሪውን ስታናግሩ «ልጄ ጎበዝ ነው፣ ትምህርቱ ቀለለው» ብላችሁ አትጀምሩ፣ ስልሳ ልጅ ይዞ ለሚለፋ ሰው ስድብ ነው ሚመስለው። ደብተሩን ይዛችሁ እረፍት ሰአት ላይ ሂዱና ትንሽ ነገር ለምኑ። እኔ ያልኩት «ቲቸር፣ ክላስ ወርኩን ሲጨርስ ሳይረብሽ ከሌላ ደብተር ላይ ይስራ፣ ጥያቄውን እኔ አመጣለታለሁ፣ እርስዎ በሳምንት አንዴ አምስት ደቂቃ ቢያዩለት» ነው። እሺ አሉኝ። ሁለት ወር ሳይሞላ እሳቸው ራሳቸው ከባድ ጥያቄ ይዘውለት ይመጡ ጀመር። ለሌሎች ልጆች ያስረዳ ካሏችሁ አልፎ አልፎ ጥሩ ነው፣ በየቀኑ ረዳት አስተማሪ ካደረጉት ግን የራሱን መቼ ይማራል?

ከትምህርት ቤት ውጪ ካሉት ቅድሚያ ምሰጠው ለስቴም (ሳይንስ፣ ቴክኖሎጂ፣ ኢንጂነሪንግና ሒሳብ) ማዕከል ነው። ድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲ አለው፣ እንደዚህ አይነት ማዕከላት አብዛኛውን ጊዜ ልጆች ሚቀበሉት በትምህርት ቤታቸው በኩል ተመርጠው ሲላኩ ነው፣ በብዛት ቅዳሜና እሁድ ወይ ክረምት ላይ ያስተምራሉ። ስለዚ ክረምት እስኪገባ አትጠብቁ፣ ሚያዝያ ላይ ምክትል ርዕሰ መምህሩ ጋር ሄዳችሁ ስም መቼ ነው ሚላከው፣ በምን መስፈርት ነው ብላችሁ ጠይቁ። ጠዋት ሂዱ፣ የድሬን ከሰአት ታውቁታላችሁ። ሴት ልጅ ያላችሁ በተለይ ጠይቁ፣ ዝም ያለች ጎበዝ ልጅ ከዝርዝር በቀላሉ ነው ምትረሳው።

ኮምፒውተር ለሚወድ ልጅ ሐምሌ 2016 የተጀመረው የ5 ሚሊዮን ኮደርስ ፕሮግራም አለ፣ ነፃ ነው፣ ፕሮግራሚንግ፣ አንድሮይድ፣ ዳታ ሳይንስና ኤአይ ያስተምራል፣ ሰርተፍኬትም ይሰጣል። የመንግስት የሳይበር ደህንነት ተቋም የሆነው ኢንሳም የሳይበር ታለንት ቻሌንጅ እያለ ወጣቶችን ይመዘግባል፣ ማስታወቂያውን ተከታተሉ። ላብራቶሪ ለሌለው ትምህርት ቤት ደግሞ የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ያዘጋጀው ፌት (PhET) ሚባል ሲሙሌሽን፣ ማለትም ኮምፒውተር ላይ ሚሰራ የሙከራ ማስመሰያ አለ፣ አንዴ ዳውንሎድ ካደረጋችሁት ያለ ኢንተርኔት ይሰራል፣ ልጁ ባትሪና አምፖል እያገናኘ ሰርኪት ይሰራበታል።

አሁን ዋናው። እነዚህ ሁሉ በብዛት በእንግሊዝኛ ናቸው፣ የኛ ልጅ ሚወድቀውም እዚህ ጋር ነው። ወንድሜ ያኔ ክፍልፋይ ላይ የተደናቀፈው ግማሹ ሒሳቡ ከብዶት ሳይሆን ዲኖሚኔተር ማለት ታህት፣ ኑሜሬተር ማለት ላዕል መሆኑን ስላላወቀ ነው፣ እኔም ይሄን ያወቅኩት ጥያቄውን በአማርኛ ሳነብለት ወዲያው ሲሰራው አይቼ ነው። ስለዚ ለየብቻ አንድ ደብተር ግዙ፣ በግራ እንግሊዝኛው፣ በቀኝ ቤት ውስጥ በምታወሩበት ቋንቋ ትርጉሙ፣ አማርኛም ኦሮምኛም ሶማሊኛም ይሁን፣ ስር ደግሞ እሱ ራሱ የፈጠረው ምሳሌ። በቀን አምስት ቃል ይበቃል። ማለዳ ሙቀቱ ሳይመጣ ከሳይንስ መፅሀፉ አንድ ገፅ ጮክ ብሎ ያንብብላችሁ፣ እናንተ እንግሊዝኛ ባትችሉም ችግር የለም፣ አንብቦ ሲጨርስ ምን አለ ብላችሁ በቋንቋችሁ ጠይቁት፣ ማስረዳት ካልቻለ አልገባውም፣ ድገመው በሉት።

አርብ ማታ ግን ምንም አታሰሩት፣ ኳሱን ይጫወት።