ከሜርኩሪ እግር ሥር የሚረግፈው አረንጓዴ ዱቄት

የሮማውያንን መልእክተኛ አምላክ የሚያሳየው የቀራፂው ጃምቦሎኛ ሐውልት፣ «በራሪው ሜርኩሪ»፣ ያለው ጣሊያን፣ ፍሎረንስ፣ ባርጄሎ ሙዚየም ነው። እኔ ጋ ያለው በ19ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራ ትንሽ የነሐስ ቅጂው ነው። በአንድ እግሩ የነፋስ አምላክ እስትንፋስ ላይ ሲቆም ሁሌም ይገርመኛል።

ክንፍ ካለው ቁርጭምጭሚቱ ሥር ፈዛዛ አረንጓዴ ዱቄት ይረግፍ ጀመር። ብጠርገውም ተመልሶ መጣ። ጤናማ ፓቲና፣ ማለትም ነሐስ ላይ የሚፈጠረው ቀለም ያለው ስስ ሽፋን፣ አይረግፍም፤ ይሄ የነሐስ በሽታ ነው። ክሎራይድ (ጨው ውስጥ ያለ ንጥረ ነገር) እርጥበት ሲያገኝ ነሐሱን ከውስጥ ይበላዋል።

ዱቄቱን በአጉሊ መነጽር እያየሁ በስቲኪኒ ለቀምኩት። ቦታውን በዲስቲልድ ውሃ ደጋግሜ አጥቤ በአሴቶን አደረቅኩት። ከዚያ በአልኮል የተበጠበጠ ቤንዞትሪያዞል የሚባል የዝገት መከላከያ ኬሚካል ቀባሁት፤ መርዛም ስለሆነ ጓንት የግድ ነው። በመጨረሻ መከላከያ እንዲሆን ማይክሮክሪስታሊን የሚባል ሰም ቀባሁት።

አሁን እርጥበት የሚመጠው ሲሊካ ጄል ባለበት የመስታወት ሳጥን ውስጥ ነው፤ እርጥበቱ ከ40 በመቶ በታች። ዱቄቱ ቆሟል። ሎሚና ኮምጣጤ ግን በጭራሽ አታስነኩት፣ ፓቲናውን ልጠው ያወጡታል።