የካሮል በርኔትን ሾው ከመጋረጃው ጀርባ እንዴት እንየው?

ሥራዬ ስፌት ነው። አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ የሙሽራ ቀሚስ አጠብባለሁ፣ አሳጥራለሁ፣ ዚፕ እቀይራለሁ። ማታ ማታ ጠርዝ በእጄ እየሰፋሁ የምከፍተው ደግሞ የአሜሪካዊቷን ኮሜዲያን የካሮል በርኔትን ሾው ነው። የአሜሪካው ቴሌቪዥን ጣቢያ ሲቢኤስ እ.ኤ.አ. ከ1967 እስከ 1978 ያሳየው የጭውውትና የዘፈን ፕሮግራም ነው። ብዙው ዛሬ ዩቲዩብ ላይ አለ። ለመሳቅ ከሆነ መመሪያ አያስፈልግም። ሳቁ እንዴት እንደተሠራ ማየት ለምትፈልጉ ግን እኔ የማየው እንዲህ ነው።

መጀመሪያ ዝም ብላችሁ ሳቁ። ምንም አትመርምሩ።

ደግማችሁ ስታዩት አንድ ነገር ያዙ። አንዱ ፕሮግራም ሁለት ጊዜ ነበር የሚቀረጸው፣ ዓርብ ዕለት፣ ሎስ አንጀለስ፣ በሲቢኤስ ቴሌቪዥን ሲቲ ስቱዲዮ 33። መጀመሪያ ልምምዱ በሙሉ ልብስና በተመልካች ፊት ይቀረጻል። ከዚያ ሌላ ተመልካች ይገባና እንደገና ይጫወታሉ። ከተዋናዮቹ አንዱ ቲም ኮንዌይ በመጀመሪያው ዙር እንደተጻፈለት ይጫወታል። ከዚያ የሚፈልገውን ምስል ሁሉ አግኝቶ እንደሆነ ዳይሬክተሩን ይጠይቃል። አዎ ከተባለ፣ በሁለተኛው ዙር ባልደረቦቹ ሰምተውት የማያውቁትን ነገር ያመጣል። ቢበላሽም የመጀመሪያው አለ። እኔም ውድ ጨርቅ ከመቁረጤ በፊት ልኩን በአቡጀዲ እሞክራለሁ። መቀሱን በድፍረት የምይዘው ያንን ስላየሁ ነው።

አሁን የጥርስ ሐኪሙን ጭውውት ክፈቱ። ኮንዌይ ገና የተመረቀ ሐኪም ነው፣ ሃርቪ ኮርማን ታካሚው። ሐኪሙ ማደንዘዣውን በስህተት የገዛ እጁ ላይ ይወጋዋል። እጁ ይደነዝዛል፤ ቀጥሎ እግሩ። ዓይናችሁን ከኮንዌይ አንሱና ኮርማን ላይ ጣሉ። ወንበሩ ላይ ተጋድሟል፣ ተነሥቶ መሸሽ አይችልም። ፊቱን ሊሸፍን ይሞክራል፣ ትከሻው ይንቀጠቀጣል። ያ ሳቅ ጽሑፉ ላይ የለም። ለእኔ የጭውውቱ ግማሽ እሱ ነው።

የማይናገረውን ሰው ማየት ሌላም ቦታ ይጠቅማችኋል። በ1977 የተቀረጸው የዝሆኑ ወሬ ላይ ኮንዌይ ማለቂያ የሌለው ታሪክ ያወራል። ካሮል ፊቷን ትደብቃለች። እማማ ሆና የምትጫወተውን ቪኪ ላውረንስን ግን ተከታተሉ። ዝም ብላ ትጠብቃለች። ከዚያ አንዲት ዓረፍተ ነገር ትጥላለች፣ ሁሉም በሳቅ ይፈርሳሉ፤ ኮንዌይ ራሱ ይወድቃል። እማማ በ16 ዓመት የምትበልጣትን ካሮልን ነው እንደ ልጇ የምትቆጣው። ቪኪ ወደዚህ ቤት የመጣችው ገና ተማሪ ሳለች ለካሮል ደብዳቤ ጽፋ ነው፣ እመስልሻለሁ ብላ።

ወደ ልብሱ ስንመጣ ትንሽ ታገሡኝ። አልባሳቱን የሚሠራው ቦብ ማኪ ነበር። ካሮል ጸሐፊ ሆና የምትጫወትበትን የወይዘሮ ዊጊንስን ጭውውት አንዴ ድምፁን ዘግታችሁ እዩት። ጉርድ ቀሚሷ ከኋላ ሰፍቶ ረግቧል። ካሮል ስትለካው ይጥበብልኝ አለች። ማኪ አላጠበበውም፤ መቀመጫሽን ወደ ኋላ ገፍተሽ ሙዪው አላት። ያ ሁሉም የሚያስታውሰው አረማመድ የተወለደው እዚያ ነው። እኔ ብሆን አጥብቤ እሰጣት ነበር፣ አረማመዱም ባልኖረ።

ከሁሉም የምወደው ግን የመጋረጃው ቀሚስ ነው። በ1976 የታየ፣ ነቢይ መኮንን እስር ቤት ሆኖ በሲጋራ ወረቀት ላይ «ነገም ሌላ ቀን ነው» ብሎ በተረጎመው «ጎን ዊዝ ዘ ዊንድ» በተባለው ልቦለድ ፊልም ላይ የተሠራ ጭውውት ነው። በዋናው ታሪክ ባለታሪኳ ስካርሌት ከአረንጓዴ ከፋይ መጋረጃ ቀሚስ ታሰፋለች። ለጭውውቱ የተጻፈው ካሮል መጋረጃውን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ እንድትመጣ ነበር። ማኪ ይህ አልበቃውም። የመጋረጃውን ዘንግ ሳያወልቅ ቀሚሱን ሠራው። ደረጃውን ስትወርድ እዚያ ጋ አቁሙት። ዘንጉ ከትከሻዋ ግራና ቀኝ ተዘርግቷል፣ ወገቧ በመጋረጃው ገመድ ታስሯል፣ ዘርፉም አለ። አሁን ፊቷን እዩ። አትስቅም። የለበሰችው ዓለም ያላየው ምርጥ ቀሚስ እንደሆነ አምናለች። ተመልካቹ በሳቅ ሲያጨበጭብ እሷ ቀጥ ብላ ትወርዳለች። ቀሚሱ ሲደነቅላትም መስኮት ላይ አይታው እንዳላስቻላት ትናገራለች። ዛሬ ቀሚሱ ዋሽንግተን፣ የስሚዝሶኒያን ሙዚየም ንብረት ነው።

መክፈቻውንም አትዝለሉ። ካሮል መብራት አስበርታ የተመልካቹን ጥያቄ የምትመልሰው ሳትዘጋጅ ነው። ጥሩ መልስ ሲጠፋት እንዴት እንደምትወጣው ተመልከቱ።

መጨረሻ ላይም ቶሎ አትዝጉ። ከመሰናበቷ በፊት ጆሮዋን ትጎትታለች። ያሳደገቻት አያቷ ጋር የተስማሙበት ምልክት ነው፤ ደህና ነኝ፣ እወድሻለሁ ማለት ነው። አያቷ ከሞተች በኋላም አልተወችውም። እኔ እዚያ ጋ ስደርስ መርፌዬን አስቀምጣለሁ።